የዓባይን ልጅ ፊደል ጠማው፤ ፊደላችን በነጥብ በር ወደ ስክሪን የገባበት ታሪክ

ሰሞኑን አንድ የግራፊክስ ሥራ ላይ የተሰማራ ወጣት በራሱ እጅ የቀረጸውን የአማርኛ ፎንት አሳየኝ። ፊደሎቹ ወፍራምና ደማቅ ናቸው፤ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለዋል፤ ጠርዛቸው ደግሞ ለስላሳ ሳይሆን እንደ ደረጃ የተከረከመ ነው። በአራት ማዕዘን ነጥቦች፣ ማለትም በፒክስል፣ ተደርድረው የተሠሩ በመሆናቸው የድሮውን የቪዲዮ ጌምና የመጀመሪያዎቹን ኮምፒዩተሮች ስክሪን ያስታውሳሉ። ወጣቱ የሠራውን በኩራት እያሳየኝ «የድሮ ዲጂታል ስሜት አለው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። አለው። ሥራው ያማረ ነው፤ ድካሙም ያስመሰግነዋል።

የትውልድ አገሬን ስለሚያውቅ ለናሙና የጻፈው አንድ የከተማ ስም ነበር። እኔም አነበብኩና «ቡሪ የት ነው?» አልኩት። እርሱ የጻፈው ግን «ቡሬ» ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ ለቀቀኝና ሐሳቡ ያዘኝ። አንዲት ነጥብ ስለደፈነች የአንድ ከተማ ስም ተለወጠ። ደግሞስ የድሮ ዲጂታል ዘመን ስንል የማን ድሮ ነው? ለአሜሪካዊውና ለጃፓናዊው ጎልማሳ የነጥብ ፊደል የልጅነት ጨዋታው ነው። ለእኛ ግን ያ ዘመን በአብዛኛው ፊደላችን ከስክሪን የተባረረበት፣ የገባውም አንካሳና ዕውር ሆኖ የገባበት ዘመን ነው። ያልነበረን ነገር እንዴት ይናፍቃል?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የፎንት ወሬ ቢመስልም የፎንት ወሬ ብቻ አይደለም። የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ በራሱ ፊደል ለመጻፍ ምን ያህል ዘመን ደጅ እንደ ጠና የሚተርክ ነው። አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላሉ። እኛ ደግሞ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አዋሕዶ በድንጋይ ላይ የቀረጸ ሕዝብ ልጆች ሆነን፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፊደል የጠማን ነን።

ነጥብ ለማን ስንት ይደርሳል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያዎቹ ስክሪኖችና ማተሚያዎች ፊደል የሚስሉት በነጥብ መረብ ላይ ነበር። ለላቲን ፊደል በወርድ አምስት፣ በቁመት ሰባት ነጥብ ይበቃዋል። ሃያ ስድስቱም ትላልቅ ፊደላትና ቁጥሮቹ ሁሉ በዚህ ጠባብ መስኮት ይታያሉ። ብዙ የነጥብ ማሳያዎች የተሠሩት ይህንኑ ልክ ይዘው ነው።

በዚህ መስኮት ውስጥ የእኛን «ጠ» እናስገባ። ሦስት እግር አላት፤ በእግሮቿ መካከል ሁለት ክፍተት ያስፈልጋል፤ አምስቱ ዓምድ በዚሁ አለቀ። አሁን «ጢ» ትሁን ስንል ለእግሯ መርገጫ ቦታ የለም። «ጤ» ትሁን ስንል ደግሞ እግሯ ላይ ቀለበት ልትንጠለጠል ነው፤ ቀለበት መሃሏ ባዶ ሆኖ እንዲታይ በትንሹ ሦስት በሦስት ነጥብ ትፈልጋለች። ስለዚህ «ጢስ ዓባይ» የሚለውን የአገሬን ስም በዚያ መስኮት መጻፍ አይቻልም። ለፊደላችን በወጉ መነበብ ዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት ያህል መረብ ያስፈልገዋል። ይህም ማለት ለአንድ የላቲን ፊደል ሠላሳ አምስት ነጥብ ሲበቃ ለአንድ የእኛ ፊደል ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነጥብ መመደብ ነው።

ፊደሉ ወፍራም ይሁን ሲባልስ? በድሮ ኮምፒዩተሮች አሠራር አንድን የነጥብ ፊደል ማወፈር ማለት ያንኑ ፊደል አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ገፍቶ በራሱ ላይ ደግሞ ማሳረፍ ነበር። ላቲኑ በዚህ ጊዜ ይወፍራል እንጂ ብዙ አይጎዳም። የእኛ ኃምስ ግን በመሃሏ የነበራት አንዲት ባዶ ነጥብ ትደፈንና ከሣልስ ጋር ትመሳሰላለች። «ሌ» ወደ «ሊ»፣ «ቤ» ወደ «ቢ»፣ «ሬ» ወደ «ሪ» ያዘነብላሉ። ቡሬን ቡሪ ያደረገብኝ ይኸው ነው። ይዘንበል ሲባል ደግሞ በየሁለት ወይም በየሦስት ረድፉ ነጥቦቹ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይገፋሉ። ቀጥ ብለው የቆሙት እግሮች ደረጃ ይሆናሉ፤ የአንዱም ራስ በጎረቤቱ ክልል ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ፊደሎቻችን የሚለዩት በእግራቸው ርዝመትና በእግራቸው ላይ በሚንጠለጠለው ነገር ነውና እግሩን ያናጋ ሰው ንባቡን አናጋ።

በላቲን ፊደል አንዲት ነጥብ ብትጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ውበት ነው። በእኛ ፊደል አንዲት ነጥብ ብትጠፋ የሚጎድለው አናባቢ ነው፤ አናባቢው ሲጎድል ትርጉም ይጎድላል።

ማዘንበል ራሱ የእኛ ልማድ እንዳልነበረም እናስታውስ። ያዘነበለ የኅትመት ፊደል በቬኒስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1501 አካባቢ በአልዱስ ማኑቲዩስ ማተሚያ ቤት የተጀመረ የአውሮፓውያን ፈሊጥ ነው። የእኛ ጸሐፍት አንድን ቃል ከሌላው ለይተው ማክበር ሲፈልጉ ፊደሉን አያዘነብሉትም፤ ቀለሙን ይለውጡታል። የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም፣ ሌላውን በጥቁር ይጽፋሉ። የብራና ጸሐፊም ቢሆን ከነጥብ ጋር ባዕድ አልነበረም። መስመሩን ከማስመሩ በፊት የብራናውን ዳር በወስፌ እየበሳ ነጥብ በነጥብ ይለካ ነበር። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ በነዋሸራና በነጎንጅ፣ ቅኔ የሚቆጠርላቸውና ፊደል የሚጠነቀቁ ሊቃውንት በኖሩበት አገር፣ «ይህች ቀለበት ብትደፈን ምን አለበት?» የሚል ሰው መልሱን ከመምህሩ ዘንድ ፈጥኖ ያገኝ ነበር።

ከሮም እስከ ጽሕፈት መኪና

ፊደላችን ከእጅ ወደ መሣሪያ ሲሸጋገር ሁልጊዜ በሰው አገር ማለፉ የታሪካችን አንዱ ገጽታ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ቀጥሎም ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በዚያው በሮም አሳተሙ። በአገር ቤት ለንባብ ኅትመት መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በሮሙ ዳዊትና በብርሃንና ሰላም መካከል ከአራት መቶ ዓመት በላይ ተቆጠረ።

የእርሳስ ፊደል ግን አንድ በጎ ነገር ነበረው። ሙሉ ፊደል ነበር። ሁለት መቶ ፊደል ቢያስፈልግ ሁለት መቶ ቅርጽ ይቀረጻል፤ ሳጥኑ ሰፋ ይበል እንጂ አይከለክልም። ችግሩ የጀመረው የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነው። መኪናው ያለው አርባ ምናምን ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ከዘጠና እምብዛም አይበልጥም። ሠላሳ ሦስቱ የፊደል ቤተሰቦች በሰባት ሲባዙ ብቻ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተጨመሩም። እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፈር ቀዳጆች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ፊደሉን መቆራረስ ነበር፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ ይመታል። ለዘመኑ ብልሃት ነበር። በኋላ የየመሥሪያ ቤቱን ጠረጴዛ በሞሉት የኦሊቬቲ መኪናዎች የተጻፈ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ግን ቀለበቷ ከእግሯ ርቃ የተንጠለጠለች «ሌ» ማየቱን አይረሳም። በዚያ ዘመን የቢሮ አማርኛ የተጻፈው በተቀጣጠለ ፊደል ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም የወለደቻቸውን ታላቅ ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን አለማንሳት አይቻልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አሳረፉ። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ሁለቱን የሚለይ ምልክት ግን ፊደላችን የለውም። ሐዲስ ያችን አንዲት ነጥብ ለአንባቢያቸው ሰጡ። ልማዱ ግን አልተስፋፋም። የተጻፈውን ሁሉ የሚያልፍበት የጽሕፈት መኪና አናቱ ላይ ነጥብ የሚያስቀምጥ ትርፍ ቁልፍ ባልነበረው አገር እንዴት ይስፋፋል? ደራሲው ፊደሉን አንድ ነጥብ ሊያበለጽጉት ሲሞክሩ መሣሪያው ያሉትንም ነጥቦች ይቀንስ ነበር።

በስደት የተሠራ ፊደል

እ.ኤ.አ. በ1984 የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲወጣ ሱዛን ኬር የተባለች ሠዓሊ ለስክሪኑ የነጥብ ፊደላት ሣለችለት፤ ስማቸውም በታላላቅ ከተሞች ስም ቺካጎ፣ ጄኔቫ፣ ኒው ዮርክ ተባለ። በማግስቱ ዓመት ዙዛና ሊችኮ የተባለች ቀራጭ የስክሪኑን ሻካራ ነጥብ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ውበት ወስዳ አዳዲስ ፎንቶች ሠራችበት። ዛሬ ዓለም የሚናፍቀው ያንን ነው። ለእነርሱ ነጥቡ ከመጀመሪያው በቂ ስለነበር ቀጥሎ ስለ ውበቱ ማሰብ ቻሉ።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ከውበት በፊት ስለ መኖር ያስቡ ነበር። አቶ ፍስሐ አጥላው ዳሸን በተሰኘው ድርጅታቸው፣ ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ ሞድኢት ባሉት ፕሮግራማቸው ግዕዝን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ደከሙ። ያጋጠማቸው ግድግዳ ቁጥር ነበር። የዘመኑ ኮምፒዩተር በአንድ ባይት የሚለየው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ምልክት ብቻ ነው፤ የዚህም እኩሌታ አስቀድሞ ለላቲኑና ለትእዛዛት ተይዟል። በቀረው መቶ ሃያ ስምንት ቦታ ከሦስት መቶ የሚበልጥ ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ እንዴት ይገባል? አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍሎ አስቀመጠው። አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንድና ቅጥያ አድርጎ ቆራረሰው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአገር ቤት የተለመዱት አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት ሁሉ የየራሳቸው አደራደር ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የሚነበብ ነገር አይገኝበትም ነበር።

ይህ ጸሐፊ ያንን ዘመን የሚያስታውሰው በድምፁ ነው። በፍኖተ ሰላም ከተማ ማመልከቻ በሚጻፍበት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የዶት ማትሪክስ ፕሪንተሩ እያፏጨ ይመላለሳል፤ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ ስሙ ሲወጣ ይጠብቃል። ሪባኑ ደክሞ ነጥቡ ሲሳሳ ጸሐፊዋ የወጣውን ወረቀት ተቀብላ የጠፋችውን ቀለበት በእስክሪብቶ ትጨምርለታለች። ከነጥብ የጎደለውን በእጅ መሙላት የተለመደ ሥራ ነበር። ባለጉዳዩ ማንበብ ስለማይችል ስሙ ተሟልቶ መጻፉን የሚያውቀው በእርሷ እምነት ብቻ ነው።

በውጭ አገር የቀጠለው ጥረት ግን ፍሬ አፈራ። ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች በሥርዓት ለመወከል ሴራ የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። በጃፓን አገር ታካሃሺ ናኦቶ የተባሉ ባለሙያ ኢማክስ በተሰኘው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሠሩ፤ ለዚሁ ፕሮግራም በተዘጋጀው የፎንት ስብስብ ውስጥም ባለዐሥራ ስድስትና ባለሃያ አራት ነጥብ የግዕዝ ፊደላት ተካተቱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሮማን ቺቦራ የተባለ ጀርመናዊ የጀመረው ዩኒፎንት የተሰኘ ነፃ የነጥብ ፎንትም የዓለምን ፊደሎች በዐሥራ ስድስት ነጥብ ቁመት ሲሰበስብ የእኛንም አልተወም። እንግዲህ ያ ወጣት ወዳጄ የናፈቀው ባለነጥብ ፊደል እውነተኛ ቅድመ አያቶች እነዚህ ናቸው። የተሠሩት ለጌጥ አልነበረም፤ «ሀ» ስክሪን ላይ «ሀ» ሆኖ እንዲታይ ነበር።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዝግቦ ቋሚ አድራሻ ሰጠ። ከዚያ በኋላ «ቡሬ» ብሎ የጻፈ ሰው በቶኪዮም በቶሮንቶም በቡሬም ያው ቡሬ ሆኖ ሊነበብለት የሚችልበት መሠረት ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው እትም 4.1 ላይ ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ፤ ከእነርሱም ጋር ፊደል አናት ላይ የምታርፍ የመጥበቂያ ምልክት ተመዘገበች። የሐዲስ ዓለማየሁ ሐሳብ ከመጽሐፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒዩተር ላይ አድራሻ አገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ጉግል ደግሞ ኖቶ ያለውን የፎንት ቤተሰብ አሰራጨ፤ ስሙም ፊደል በሌለበት ቦታ የሚታየውንና «ቶፉ» እየተባለ የሚቀለድበትን ባዶ ሳጥን ከዓለም ለማጥፋት ከነበረው ምኞት የመጣ ነው።

በሬው ጠፋ ወይስ ተፋ?

አዲስ አበባና ዋሽንግተን ዩኒኮድ ዩኒኮድ በሚሉበት ጊዜ ግን ገጠሩ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። በአገራችን የሞባይል ስልክ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን በመዘገበበት ዓመት መሆኑ ይገርማል። ሁለቱ ዕድሎች አብረው ቢወለዱም አብረው አላደጉም። ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ሲደርሱ የነበሩት ርካሽ ቀፎዎች ጥቁርና ነጭ የነጥብ ስክሪን ያላቸውና አብዛኞቹም አማርኛን የማያውቁ ነበሩ። ዘመናዊ ስልክ ካለው ልጅ የተላከ የአማርኛ መልእክት በአባቱ ቀፎ ላይ የሚደርሰው የሳጥን ሰልፍ ሆኖ ነው።

አንድ ሌላም ሒሳብ ነበር። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ሲጻፍ 70 ብቻ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «አማርኛ ውድ ነው» ብሎ ደመደመ። ሒሳቡ ግን ጎደሎ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ «ሰላም» ለማለት እኛ ሦስት፣ ላቲኑ አምስት ፊደል ይፈልጋል። ልዩነቱ በእርግጥ አለ፤ እንደሚወራው ግን እጥፍ አይደለም። ሰውን ወደ ላቲን የነዳው ከሒሳቡ ይልቅ ያ ሳጥን ነው።

እናም ሕዝቡ በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ተማረ። ማን አስተማረው ቢባል ችግር ነው። በላቲኑ ግን «ተ» እና «ጠ» አንድ ይሆናሉ፤ «ከ» እና «ቀ» ይቀላቀላሉ፤ «ቸ» ከ«ጨ» አይለይም። እንበል አንድ ሰው ከቡሬ ገጠር አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ «በሬው ጠፋ» ብሎ ይልካል። ደራሹ «በሬው ተፋ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። አንደኛው ፍለጋ የሚያስወጣ፣ ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪም የሚያስጠራ ነው። ለከተማ ሰው ቀልድ ነው። አንድ ጥንድ በሬ ይዞ ለሚያርስ ገበሬ ግን ቀልድ አይደለም።

በዚህ ላይ ፖለቲካው ተጨመረ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት መንግሥት የአጭር መልእክት አገልግሎትን በመላ አገሪቱ ዘጋ፤ የተከፈተውም በ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ መባቻ ላይ ነው። ስክሪኑ ገና ፊደል ሳይማር አንደበቱ ተለጎመ። ከዚያ በኋላ ቀፎው ተሻሻለ፤ አማርኛ የሚያሳዩ ስልኮች ገጠር ገቡ፤ ለፊደላችን የሚበቃ ነጥብ ተገኘ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ግን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ ሰው በኪሱ የያዘው ስልክ ሦስት መቶውንም ፊደል አጥርቶ የሚያሳይ ነበር፤ የሚያሳየው መልእክት ግን አልነበረም። መጀመሪያ መልእክት እያለ ፊደል ታጣ፤ ኋላ ፊደል እያለ መልእክት ታጣ። የመጀመሪያው የድህነት ሥራ ነው ብንል ሁለተኛውን ምን እንለዋለን?

ጥፋተኛው ፊደሉ ነውን?

በዚህ ሁሉ ዘመን ከተማሩት ወገኖቻችን መካከል «ችግሩ ፊደሉ ነው፤ በዝቷልና ይቀነስ፤ ካልሆነም በላቲን ይተካ» የሚሉ አልታጡም። ክርክሩን በንቀት ማለፍ አይገባም። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት መብዛት ለተማሪ ሸክም መሆኑን ከቅን ልብ የተናገሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም የፊደል መሻሻል ደጋፊ ነበሩ። ለቋንቋው ብሎ ፊደል ማሻሻል ቋንቋው የሚወስነው ጉዳይ ነው። ለመሣሪያው ብሎ ፊደል መቁረጥ ግን ሌላ ነው።

ታሪኩ ራሱ መልስ ሰጥቷል። የጽሕፈት መኪናው ሥልጣኔ ነው ተብሎ ፊደል ተቆራረሰለት፤ ዛሬ መኪናው ያለው በሙዚየም ነው። አንዱ ባይት የተፈጥሮ ሕግ ይመስል ፊደላችን በሦስት ፎንት ተበታተነለት፤ ዛሬ ያ ወሰን የለም። አምስት በሰባት ነጥብ የማይታለፍ አጥር መስሎ ነበር፤ ዛሬ በጣም ርካሹ ስልክ እንኳ ለአንድ ፊደል ከበቂ በላይ ነጥብ አለው። በእያንዳንዱ ጊዜ የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ ፊደሉ ቆሞ ጠበቀ። ያኔ ፊደሉን ለመሣሪያው ሲሉ ቀንሰነው ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ሲያልፍ የቀነስነውን መልሶ የሚሰጠን አልነበረም።

ከኪሳራም አላመለጥንም። የቃላት መለያችን ሁለት ነጥብ ነበረች፤ ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ባዶ ቦታ ተክቷት ከዕለት ጽሑፍ ጠፋች። የጠፋችው ተወስኖባት አይደለም፤ ማንም ሳይመክርባት ነው። መፍራት ያለብንም እንዲህ ያለውን ነው። ፊደል በአዋጅ ብቻ አይሞትም፤ «ምን አለበት» እየተባለም ይሞታል።

ለወጣቱ ወዳጄ

ወደ መነሻዬ ልመለስ። ያ ወጣት የሠራውን ፎንት ይተው አልልም። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ስንት ዘመን ሙሉ የነጥብ ፊደል በግድ የተጫነብን ጥበት ነበር፤ ዛሬ አንድ የአገራችን ልጅ በምርጫው፣ በጨዋታ፣ ለውበት ሲል ሲሠራው ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግድ የነበረው ምርጫ ሲሆን ነፃነት ይባላል። ደግሞም ፊደሎቻችንን ለዊንዶውስና ለጉግል የቀረጹልን በአብዛኛው የሩቅ አገር ድርጅቶች በሆኑበት ዘመን፣ ሻካራም ቢሆን የራስ እጅ ሥራ ክብር አለው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊደሉን ሲያወፍር ማሽኑ በጅምላ እንዲያወፍርለት አይተወው፤ የ«ሬ»ን ቀለበት በእጁ ይክፈታት፤ ካስፈለገም መረቡን ሁለት ነጥብ ያስፋላት። ሲያዘነብለው ደግሞ የ«ላ»ን እግር ከ«ለ» ለይቶ ይቁረጠው፤ «ሰላም» ያለችው ከተማ «ሰለም» እንዳትሆን። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከእርሱ በፊት ያቺኑ ቀለበት ከደከመ ሪባን ሥር በእስክሪብቶ ትሞላ የነበረችውን ጸሐፊት ያስብ።

ትናንት ማታ ያው ወጣት አዲስ ናሙና ላከልኝ። ወፍራም ነው፣ ያዘነበለ ነው፣ በነጥብ የተሠራ ነው። «ቡሬ» ይላል። ስልኬን ከዓይኔ አርቄ፣ መነጽሬንም አውልቄ አነበብኩት። ቡሬ ነው።

ቸር እንሰንብት።